«አጥቤዋለሁ» አትበሉኝ፦ ለአትክልት መትከያ ነፃ ዕቃ ስትለቅሙ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

አትክልት ለመትከል ያሰበ ሰው ገና ዘር ሳይዝ ዕቃ መልቀም ይጀምራል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ጆንያ፣ ብቻ ያገኘውን ሁሉ ያመጣል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ስለሆነ በማንም አልስቅም። ግን ዕቃውን ይዞ መጥቶ «ይሄ ይሆናል?» ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውስጡ ምን ነበረበት?

«እንጃ፣ ግን በደንብ አጥቤዋለሁ» ካለኝ ነገሩ እዚያው አበቃ። ይህን ቃል መስማት ሰልችቶኛል። በሳሙና አጠብኩት፣ በፈላ ውሃ አለቀለቅሁት፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ፣ አሁን እኮ ምንም አይሸትም! አይሽተት። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ለምግብ አይሆንም። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ ኬሚካሉ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ እርጥቡ አፈር ይወጣል። አንዳንዱ መድኃኒት መለያው ላይ ዕቃው ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ ይላል። እሱ ዕቃው ሲወገድ ጉዳት እንዳያደርስ ነው እንጂ ቆስጣ ትከሉበት ማለት አይደለም። ለውሃ ማጠራቀሚያም አይሆንም። የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ፣ የባትሪ አሲድና ቫርኒሽ የነበረበትም ያው ነው።

አንድ የማውቀው ሰው መለያው የተላጠ፣ መልኩ የሚያምር ጀሪካን አግኝቶ አንገቱን ቆርጦ ቲማቲም ተከለበት። ችግኙ በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ተጠማዘዘ፣ ጫፉ እንደ ጥፍር ተጠቀለለ። ውሃ ያነሰው መስሎት ውሃ ጨመረ፤ ከዚያ ማዳበሪያ ጨመረ። እኔ ሳየው የፀረ አረም ጉዳት መሰለኝ፤ አፈሩንም ጀሪካኑንም አስጣልኩት። እንዲያውም ዕድለኛ ነው፤ ተክሉ ታሞ አሳየው። ነፍሳት ለመግደል የተሠራ መድኃኒት ግን ተክሉን ላያሳምመው ይችላል፤ ቅጠሉ ለምልሞ ገበታ ላይ ይቀርባል። ስለዚህ መለያ የሌለውና ማን እንደተጠቀመበት የማይታወቅ ዕቃ ባለበት ይቅር።

ፕላስቲክ ዕቃ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የታተመውን ቁጥር አይቶ የሚጽናናም አለ። 2፣ 4 እና 5 ቁጥር ያላቸው ፕላስቲኮች ለዚህ ሥራ የተሻሉ መሆናቸው እውነት ነው። ቁጥሩ ግን የሚነግራችሁ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ትናንት ምን እንደተቀዳበት አይናገርም። የምግብ ዘይት፣ እርጎ፣ ማር፣ ማርማላታ የመጣበትን ባልዲ ፈልጉ። ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ ይተርፋቸዋል፤ በር ላይ የተቀመጠውን ሳይጠይቁ አንስቶ መሄድ ግን ሌብነት ነው። ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። ጨው ያለበት ነገር የነበረበትን ደግሞ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ሁለተኛው ነገር ቀዳዳ ነው፤ እዚህ ላይ የራሴም ኃጢአት አለበት። ዕቃው ሥር ጠጠር ከተነጠፈ ውሃው ይወርዳል ብዬ ለብዙ ጊዜ ጠጠር ስለቅም ኖሬያለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬያለሁ። ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጠጠሩ የሚያደርገው ረግረጉን ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ማድረግና የአፈሩን ቦታ መሻማት ብቻ ነው። ጠጠሩን ትታችሁ ቀዳዳ ጨምሩ። ለ20 ሊትር ባልዲ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ይበቁታል። ከእነሱ ጥቂቶቹን ከጎን፣ ከታችኛው ጠርዝ ጋር አስጠግታችሁ ብሱ፤ ዕቃው ወለል ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ የሥሩ ቀዳዳ ይደፈናል። መሰርሰሪያ ከሌለ የጋለ ሚስማር ይሠራል፣ ግን ውጭ ሁኑ፤ ጭሱ ለሳምባ አይበጅም። አፈሩ እንዳይፈስ አንድ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ በቂ ነው።

መጠንም አለ። ችግኙ ጣት የሚያህል ስለሆነ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ የሚበቃው ይመስላል፤ ጀማሪ የሚያየው የዛሬውን ችግኝ ነውና አልፈርድበትም። ቲማቲም 20 ሊትር አካባቢ፣ ቃሪያ ወደ 10 ሊትር ይፈልጋል። ለሰላጣና ለቆስጣ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ረጅም ካሮት 30 ይፈልጋል። ትንሽ ዕቃ ውስጥ የገባ ትልቅ ተክል በሙቀት ወቅት ጠዋት ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትቀዱ ትውላላችሁ። ስለዚህ የምትተክሉትን ሳትወስኑ ዕቃ አትልቀሙ።

ጆንያ ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ፣ አሳፍሮኝም ያውቃል። በፕላስቲክ ክር የተሠራው ጆንያ ትልቁ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ካለፈው ዓመት የተረፈ ጆንያ ላይ ድንች ተክዬ፣ ግማሽ ቁመት ሲደርስ ወደ ብርሃን ልስበው ጫፉን ብይዝ እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ቀረ። አፈሩ ተዘረገፈ፣ ድንቹ ተሰበረ። እሱስ ይሁን፤ የተበጣጠሰውን ክር ግን እስከ ዛሬ ከአፈሩ እየለቀምኩ ነው። ጆንያ ለአንድ ወቅት ብቻ ነው፣ አንዴ ከተሞላም አይንቀሳቀስ።

ባልዲም ቢሆን ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው መሞላት ያለበት። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ በረንዳ ላይ አሥር ባልዲ የሚደረድር ሰው መጀመሪያ ይህን ያባዛ።

የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ ካገኛችሁ ማኅተሙን እዩ። «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት በሙቀት መታከሙን ያመለክታሉ፤ «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታጥኗል፣ ተዉት። ማኅተም ከሌለው ወይም ዘይት የፈሰሰበት ከሆነም ተዉት። የባቡር ሐዲድ እንጨት ፈጽሞ አይታሰብ፤ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚቀባ፣ ክሪዮሶት የሚባል መርዛማ ቅባት የጠጣ ነው። ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ ዕቃም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ይቅርባችሁ።

ቆርቆሮና ጥቁር ፕላስቲክ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሥር ይቀቅላሉ። ነጭ ጨርቅ አልብሷቸው ወይም ከሌላ ዕቃ ጀርባ አቁሟቸው።

የመጨረሻው ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰብሳቢ ነው። ባዶ ዕቃ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከተቀመጠ ዝናብ ይሞላዋል፤ ቢንቢ ደግሞ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። እኔ ዘንድ አሁንም ሰባት ባዶ ባልዲ አለ፣ አንዱ እንዲያውም የተሰነጠቀ ነው፤ ሰባቱም ግን ተደፍተዋል።