ዚንክ ሲፈለግ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ድሬ ላይ ድንጋይ ያውቃል ከተባልክ ሰው ባዶ እጁን አይመጣብህም። ባለፈው ቀፊራ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ልጅ አንድ ፌስታል ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «አቦ፣ ይሄ ዚንክ አይደል?» አይደለም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደሱ ስለሆነ ልጻፈው።

አንደኛ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባየን ቁጥር አንጓጓ። በድሬ ዙሪያ ያለው ባዛልት የብስ ላይ የፈሰሰ ነው፤ በምድር ዕድሜ ደግሞ ገና ልጅ ነው። እኔ የማወራው ዚንክ የተጠራቀመው ጥንት ባሕር ውስጥ በፈነዱ እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቅ ይሰርጋል፣ ማግማው (የቀለጠው ዓለት) ያግለዋል፣ ከዓለቱ ብረታ ብረት አሟሙቶ ይወጣና ቀዝቃዛው ባሕር ሲያገኘው ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ፓስፊክ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ምንጭ ሲገኝ ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። ካናዳ ያለው የኪድ ክሪክ የዚንክ ክምችት ደግሞ በዚሁ መንገድ ከተሠራ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል።

ሁለተኛው በብልጭታ መሸወድ ነው። ልጁ ያመጣው ፓይራይት ነበር፤ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ የብረትና የድኝ ማዕድን። ዋናው የዚንክ ማዕድን ስፋለራይት ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የደረቀ ሙጫ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ብታየው ረግጠኸው ታልፋለህ። የወለል ሴራሚክ ጀርባ ላይ ፈትገው። ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቡናማ መስመር ትቶ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ተስፋ አለው። ፓይራይት ጥቁር መስመር ነው የሚተወው።

ትልቁ ስህተት ግን ሦስተኛው ነው። ከክምችቱ በላይ ፀሐይና ዝናብ ያዛገው ቀይ ቆብ ይኖራል። ጎሳን ይሉታል (ከጎሳ ጋር ዝምድና የለውም)። ሰው ከዚህ ቆርሶ ላብራቶሪ ይልክና «ዚንኩ ኢምንት ነው» ሲባል ቦታውን ትቶ ይሄዳል። ዚንክ እኮ በዝናብ ውሃ በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ቆቡ ላይ የሚቀረው ብረትና አንዳንዴም ወርቅ ነው። ኤርትራ ያለውን የቢሻ ማዕድን ማውጫ ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ከላይ ወርቁ ወጣ፣ ቀጥሎ መዳቡ፣ ዚንኩ ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሌላው፣ በኤሌክትሪክ የሚፈትሸው መሣሪያ ዝም ካለ ምንም የለም ማለት። ስፋለራይት ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። መሣሪያውን የሚያስጮኹት አብረውት ያሉት ጎረቤት ማዕድናት ናቸው፣ በተለይ መዳብ ያለባቸው። አንዳንዴ ደግሞ ተራ ግራፋይት (እርሳስ የሚሠራበት ጥቁር ማዕድን) ያስጮኸውና ገንዘብህን ጉድጓድ ውስጥ ትከታለህ።

የመጨረሻው ቀላል ነው፦ ናሙናው ከየት እንደተነሳ አለመጻፍ። ልጁን «ከየት አመጣኸው?» ብለው በእጁ ወደ ተራራው እያሳየኝ «ከዚያ፣ ከደንገጎ በላይ» አለኝ።