ሲቲው እዚህ፣ አልትራሳውንዱ እዚያ፦ ምስሎቹ አልገጥም ሲሉ

ጉበት ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ በሲቲ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ በአልትራሳውንድ ትሰወራለች። ናሙና ለመውሰድ ወይም በሙቀት ለማቃጠል መርፌ ሲገባ፣ ቀድሞ የተነሳውን ሲቲ በቀጥታ ከሚታየው አልትራሳውንድ ጋር ደርቦ የሚያሳየው ፊውዥን የሚባለው ዘዴ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ችግሩ፣ አንዳንዴ አይገጥሙም።

ችግር፦ ታካሚው በተነፈሰ ቁጥር በሁለቱ ምስሎች ላይ ያሉት የጉበት ደም ሥሮች ይገጥማሉ፣ መልሰው ይለያያሉ።

ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ብዙ ጊዜ ሲቲው የሚነሳው አየር ተስቦ፣ ትንፋሽ ተይዞ ነው። ጉበት ደግሞ ከዲያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ሥር ስለሆነ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር መንሸራተት ብርቅ አይደለም። ዕጢዋ አንድ ሴንቲ ከሆነች መርፌው ጤነኛውን ጉበት ወጋ ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ምስሎቹን ሲቲው በተነሳበት የትንፋሽ ደረጃ ላይ አገጣጥሙ። ታካሚውን አስቀድማችሁ አለማምዱት፤ «አየር ሳብ፣ ያዝ» ሲባል ሁሌ እኩል የሚስብ ሰው የለም። ለማመሳከሪያ ዕጢዋ አጠገብ ያለ የፖርታል ደም ሥር (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣው) ቅርንጫፍ ምረጡ። ሩቅ ላይ የገጠመ ምስል ዕጢዋ ጋ ሲደርስ ሊስት ይችላል። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ላይ ከሆነ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ትንፋሹን ለአፍታ ያስቁምላችሁ።

ችግር፦ ምስሉ ገና ከመነሻው ዘወር ያለ ነው፤ ቢያስተካክሉትም እሺ አይልም።

ሲቲው በጀርባ ተኝቶ ተነስቶ፣ አሁን ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ይሆናል። ጉበቱ ዞሯል፣ ቅርፁም ተለውጧል። ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ምስሉን ያንሸራትታል፣ ያዞራል እንጂ አያጣምመውም። እንደ ሲቲው አስተኙት፤ ካልሆነ በአዲሱ አተኛኘት ሌላ ሲቲ ይነሳ።

ችግር፦ ገጥሞ የነበረው ምስል ድንገት ይሸሻል ወይም ይንቀጠቀጣል።

ብረት ፈልጉ! ፕሮቡን (ታካሚው ቆዳ ላይ የሚደረገውን የአልትራሳውንድ ክፍል) የሚከታተለው መሣሪያ በማግኔት መስክ ነው የሚሠራው፤ የአልጋ ብረት ወይም የዕቃ ትሪ ሲጠጋው ይሳሳታል። አርቁት። ፕሮቡ ላይ ያለው ሴንሰር መላላቱንም እዩ።

ችግር፦ ስክሪኑ «መርፌው ዕጢዋ መሃል ነው» ይላል፤ በአልትራሳውንዱ ግን ጫፉ አይታይም።

ሴንሰሩ መርፌው እጀታ ላይ ከሆነ፣ ማሽኑ መርፌው ቀጥ ያለ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ቀጭን መርፌ ግን ይጎብጣል። አትግፉ። ፕሮቡን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉና ጫፉን ፈልጉ። ጨርሶ ካልታየ በሲቲ አረጋግጡ፤ ናሙናው ከዚያ በኋላ ይወሰዳል።