የትምህርት ቤቶች ስታቲስቲክስ ሲስተም ስትሰሩ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ኢሚስ የሚባለው የትምህርት መረጃ ሲስተም ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ፎርም አዘጋጅቻለሁ፣ ዳታቤዝ ሰርቻለሁ፣ የጎደለ ፎርም ፍለጋ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞሬያለሁ። አዲስ ሲስተም ይሰራ በተባለ ቁጥር ያንኑ ስህተት እንደገና ሳየው ግን አሁን ዝም ማለት ከበደኝ፣ ምክንያቱም የሚበላሸው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ መጽሐፍ የሚታተመው፣ መምህር የሚመደበው፣ ተጨማሪ ክፍል የሚሰራው በዛ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲሳሳት የሆነ ቦታ ያሉ ልጆች አንድ መጽሐፍ ለስድስት ይዘው ይማራሉ። ከዚህ በታች ከጻፍኳቸው ስህተቶች ግማሾቹን እኔም ሰርቻቸዋለሁ።

በጣም ከሚያናድደኝ ልጀምር፣ የትምህርት ቤት ኮድ። እባካችሁ ኮዱ ውስጥ ትርጉም አትክተቱ! ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገው ነገር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ክልሉን፣ ቀጥለው ያሉት ወረዳውን፣ ከዛ ደረጃውን፣ ከዛ የመንግስት ይሁን የግል የሚያሳይ ኮድ ያወጣል። ሲያዩት ያምራል፣ ኮዱን ብቻ አይቶ ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ግን ወረዳው ነገ ለሁለት ይከፈላል፣ አንደኛ ደረጃ የነበረው 9ኛ ክፍል ይከፍታል፣ የግል የነበረው ወደ መንግስት ይዞራል። ያኔ ኮዱን ካልቀየራችሁት ኮዱ ውሸት ይናገራል፣ ከቀየራችሁት ደግሞ ዳታቤዙ የሚያየው አንድ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሌላ አዲስ እንደተከፈተ ነው።

አንድ የሰራሁበት ቦታ ላይ ይሄ ነው የሆነው። ወሰን ተቀየረ፣ አንድ ባለሙያ በቅን ልብ ቁጭ ብሎ የተነኩትን ትምህርት ቤቶች ኮድ በሙሉ አስተካከለ፣ አሮጌውን ኮድ ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር ግን አላስቀመጠም፣ ማንም አስቀምጥ አላለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሲስተሙ ይሄን ያህል ትምህርት ቤት ተዘጋ ይሄን ያህል ተከፈተ ብሎ አወጣ፣ መሬት ላይ ግን አንድም በር አልተዘጋም ነበር። ከዛ በስም ማገናኘት ጀመርን። በስም ማገናኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው፣ አንዱ በ"ዓ" ይጽፈዋል ሌላው በ"አ"፣ አንዱ "ሠ" ሌላው "ሰ"፣ አንድ ዓመት "ቁጥር 1" ሌላ ዓመት "ቁ.1" በሚቀጥለው ደግሞ "ቁጥር አንድ"፣ ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያየ ትምህርት ቤት ነው። ሳምንታት ፈጀብን፣ ጥቂቶቹን እስከ መጨረሻው ማገናኘት አልቻልንም፣ የነዛ ትምህርት ቤቶች ታሪክ እዛ ላይ ተቆርጦ ቀረ።

ስለዚህ ኮዱ ምንም ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር ይሁን። አንዴ ከተሰጠ አይቀየር፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እንኳን ለሌላ አይሰጥ። ወረዳው፣ ደረጃው፣ ባለቤትነቱ ለየብቻ ኮለም ይኑራቸው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበረም ቀኑ ይጻፍ። መጨረሻው ላይ ከሌሎቹ ቁጥሮች ተሰልቶ የሚገኝ አንድ ማረጋገጫ ዲጂት ጨምሩበት፣ ኮድ ሲጻፍ ሁለት ቁጥር ተገላብጦ የሌላ ትምህርት ቤት ዳታ እንዳይሞላ ያድናችኋል። ኮድ የሚሰጠው አካል አንድ ብቻ ይሁን፣ ፈተና የሚያዘጋጀውም መጽሐፍ የሚያከፋፍለውም የመምህራን ደሞዝ የሚይዘውም ያንኑ ኮድ ይጠቀም። እና ኮድ መስጠት ከመጀመራችሁ በፊት ትምህርት ቤት ማለት ምን እንደሆነ በጽሁፍ ተስማሙ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ርዕሰ መምህር ካለ አንድ ነው ሁለት? ጠዋትና ከሰዓት የሚያስተምረውስ? ለትንንሾቹ ራቅ ብሎ የተከፈተው ሁለት ክፍልስ? መልሱ የትኛውም ቢሆን ይሰራል፣ በየቦታው የተለያየ ሲሆን ነው ጉዱ።

ባዶና ዜሮ። ፎርሙ ላይ ባዶ የተተወ ቦታ ዜሮ አይደለም! ባዶ ማለት አላውቅም ሊሆን ይችላል፣ እኛን አይመለከትም ሊሆን ይችላል፣ ገጹን ዘልዬዋለሁም ሊሆን ይችላል። ዜሮ ማለት ግን ፈልጌ አንድም አላገኘሁም ማለት ነው። እኔ ራሴ ፕሮግራሙ ኤረር እንዳያመጣብኝ ብዬ ያልተሞላውን ሁሉ ዜሮ እንዲያደርግ ሰርቼው ነበር፣ በዛ ዓመት ሽንት ቤት የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ቁጥር በአንዴ ዘለለ፣ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው ብዙዎቹ ያንን ገጽ ጭራሽ እንዳልሞሉት ያወቅኩት፣ የሞላና ያልሞላውን መለየት ደግሞ ከዳታቤዙ ስለማይቻል ወረቀቱን እንደገና ማገላበጥ ነበረብን። ፎርም ጭራሽ ያልመለሰ ትምህርት ቤትም እንደዛው ነው፣ ተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት አይደለም። ወይ ባለፈው ዓመት ቁጥር ተንተርሳችሁ ገምቱለትና ግምት መሆኑን ምልክት አድርጉበት፣ ወይ ተዉት፣ በሁለቱም ግን ከመቶ ስንት ትምህርት ቤት እንደመለሰ ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

ይሄ ያልመለሰ ትምህርት ቤት ጉዳይ የት ላይ እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳያችሁ። መጠነ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሁለት ተከታታይ ዓመት ዳታ ነው። አምና 4ኛ ክፍል 1000 ተማሪ ነበረ እንበል። ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ውስጥ ደጋሚዎቹ 60 ናቸው፣ 5ኛ ክፍል ውስጥ ደጋሚ ያልሆኑት ደግሞ 900። መድገም 6 በመቶ፣ ማለፍ 90 በመቶ፣ የቀረው 4 በመቶ አቋርጧል። አሁን አምና ፎርም ያልመለሱ ትምህርት ቤቶች ዘንድሮ መልሰው 5ኛ ክፍል ውስጥ ደጋሚ ያልሆኑት 960 ሆኑ በሉ፣ 96 ሲደመር 6 ከመቶ በላይ ሄደ፣ ማቋረጡ ኔጌቲቭ 2 ሆነ። ኔጌቲቩ እንኳን ያስታውቃል፣ የሆነ ሰው ቆም ብሎ ያየዋል። አደገኛው 4 የነበረው 1 ሲሆን ነው፣ ማንም አይጠረጥርም፣ የማቋረጥ ችግር ተቀረፈ ተብሎ ይጻፋል፣ ያቋረጡት ልጆች ግን እቤታቸው ናቸው። ሁለቱን ዓመት ስታወዳድሩ በሁለቱም ዓመት የመለሱትን ትምህርት ቤቶች ብቻ ያዙ ወይም የጎደለውን ገምታችሁ ሙሉ፣ ይሄን ለማድረግ ደግሞ የማይቀየር ኮድ ያስፈልጋል፣ ለዛ ነው ስለ ኮዱ ያን ያህል የጮህኩት።

ርዕሰ መምህሩን በቀጥታ "ስንት ተማሪ አቋረጠ?" ብሎ ጠይቆ ያንን ብቻ መያዝም አያዋጣም። እሱ የሚያውቀው ልጁ መምጣት ማቆሙን ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ ይማር ይሆናል። የዝውውር መረጃ ካልተያዘ የተዘዋወረው ሁሉ ያቋረጠ ይሆናል።

ጥቅል ተሳትፎ፣ ማለትም የተመዘገበው ተማሪ በእድሜው መማር ላለበት ህዝብ ተካፍሎ በመቶ ሲሰላ፣ ከ100 በላይ ሲሆን የሚደነግጡ አሉ፣ ቁጥሩን ወደ 100 የሚቆርጥ ፕሮግራም ሰርቶ የመጣ ልጅም አይቻለሁ። ስህተት አይደለም፣ ሲካፈል ከላይ ያለው ቁጥር እድሜውን ሳይለይ የተመዘገበውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ከታች ያለው ግን በእድሜው መማር ያለበትን ህዝብ ብቻ ነው፣ እድሜያቸው ያለፈ ልጆች በብዛት ከተመዘገቡ ከ100 ያልፋል። ከላይም በእድሜው ያለውን ተማሪ ብቻ የሚቆጥረው ንጥር ተሳትፎ ከ100 ካለፈ ግን ቁሙ፣ ያ በትርጉሙ ሊሆን አይችልም፣ ወይ የህዝብ ቁጥር ግምቱ አንሷል ወይ የልጆቹ እድሜ በትክክል አልተሞላም። የህዝብ ግምት ከቆጠራው በራቀ ቁጥር ይደክማል፣ በተለይ ወደ ወረዳ ስትወርዱ፣ ሰው ተሰዶ የሄደበትና የመጣበት አካባቢ ላይ አትመኑት። እድሜውን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሲጣደፍ 1ኛ ክፍል ሁሉም 7፣ 2ኛ ክፍል ሁሉም 8 ብሎ ይሞላዋል። በጣም የጠራ የእድሜ ሰንጠረዥ ካያችሁ ደውሉ። እድሜ የሚቆጠርበት ቀን ለሁሉም አንድ መሆን አለበት፣ ተማሪው የሚቆጠርበት ቀንም እንደዚሁ፣ በምዝገባ ሳምንት የተቆጠረና ከሁለት ወር በኋላ የተቆጠረ አንድ ላይ አይደመርም።

ክፍል የሚለው ቃል ሶስት ነገር ነው፣ 5ኛ ክፍልም ክፍል ነው፣ 5ኛ "ለ" ሴክሽኑም ክፍል ነው፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤቱም ክፍል ነው። ፎርሙ ላይ "የክፍል ብዛት" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር 8 መማሪያ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት 16 ብሎ ይሞላል፣ እናንተም ክፍል አይጠበውም ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ሶፍትዌሩን መጀመሪያ መግዛት ወይም መጻፍ ስህተት ነው። መጀመሪያ ማን ምን ውሳኔ እንደሚወስንበት፣ ከዛ የትኛው ሰንጠረዥ እንደሚያስፈልግ፣ ከዛ ፎርሙ፣ ከዛ ሶፍትዌሩ። ከዜሮ መጻፍም ሁልጊዜ አያስፈልግም፣ ዩኔስኮ ያስጀመረው ኦፕን-ኢሚስ የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የመረጃ ሶፍትዌርም በጤና ጀምሮ አሁን ለትምህርትም እየዋለ ነው። እኔ ከዜሮ ጽፌ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ትቼ ወጥቻለሁ፣ የተኩኝ ልጆች ምን ያህል እንደተቸገሩበት ሳውቅ ከልቤ አዘንኩ።

ፎርሙ ሲረዝም ውሸት ይበዛል። እያንዳንዱን ጥያቄ ማን እንደሚጠቀምበት ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ አውጡት።

ኢስኬድ የሚባለውን የዩኔስኮ የትምህርት ደረጃዎች ምደባ ቀጥታ ፎርም ላይ አታስገቡት። በአውሮፓውያኑ 2011 የጸደቀው ከ0 እስከ 8 ነው የሚሄደው፣ በፊት የነበረው የ1997ቱ ደግሞ ከ0 እስከ 6 ነበር። ርዕሰ መምህር በሚያውቀው በራሱ ክፍል ይሙላ፣ ወደ ኢስኬድ መቀየሩ የእናንተ ስራ ነው፣ ምደባው ሲቀየርም የምትነኩት አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይሆናል።

"አካል ጉዳተኛ ስንት ነው?" የሚል አንድ ሳጥንም አይበቃም፣ ብዙ ልጅ ይደበቃል። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ ምን ያህል ያስቸግረዋል ብሎ በደረጃ መጠየቅ ይሻላል፣ ዩኒሴፍና ዋሽንግተን ግሩፕ የሚባለው የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስ ቡድን በአውሮፓውያኑ 2016 ያወጡት የልጆች መጠይቅ የተሰራው በዚህ መንገድ ነው። እሱን ቀጥታ ትምህርት ቤት ላይ መጠቀም ግን ስልጠና ይጠይቃል።

በጀት በተማሪ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል። ርዕሰ መምህሩን ሌባ አድርጋችሁ አትዩት፣ ጠመኔ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ግን ከሌላ ምንጭ ጋር አመሳክሩ፣ ለፈተና ከተመዘገበው፣ ከተረከበው መጽሐፍ፣ ከመምህሩ የስም መጥሪያ ጋር።

የእያንዳንዱን ተማሪ መረጃ በስም መያዝ አሁን ሁሉም የሚመኘው ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር ራሱ ሳይጠራ ወደዛ አትሩጡ። የልጆች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የጤና ሁኔታ ስትይዙ ማን ማየት እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ፣ አንድ ፓስወርድ ለመላው ቢሮ እየተባለ አይሆንም።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ዳታውን ለትምህርት ቤቱ አለመመለስ ነው። አንዴ በእድሜ የገፉ ርዕሰ መምህር ጋ ያልመለሱትን ፎርም ልጠይቅ ሄድኩ፣ መሳቢያቸውን ከፍተው የየዓመቱን ቅጂ በቅደም ተከተል አሳዩኝ፣ በእጃቸው ጥንቅቅ ተደርጎ የተጻፈ፣ "ልጄ፣ ይኸው ስንት ዓመት ስሞላ፣ አንድ ቀን እንኳን 'ደርሶናል፣ እንዲህ ሆኖ አግኝተነዋል' ያለኝ ሰው የለም" አሉኝ። ምን እንደምመልስላቸው አላወቅኩም። በሚቀጥለው ዓመት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ አትመን ላክን፣ የራሱ ተማሪ፣ የተማሪ መምህር ጥምርታው፣ ደጋሚው፣ ጎኑ ላይ የወረዳው አማካይ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ፣ የኛ ክፍል 16 አይደለም 8 ነው፣ ሁለት መምህራን ተቀይረዋል፣ የሴቶቹና የወንዶቹ ቁጥር ተገላብጧል እያሉ። በዛን ዓመት ያገኘነውን እርማት የትኛውም ሶፍትዌር ሰጥቶን አያውቅም። እኚያ አዛውንትም ደወሉ፣ የሳቸው ገጽ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም፣ ደርሶኛል ለማለት ብቻ ነበር።