የፊልም ፎቶ አነሣሥን በዲጂታል ካሜራ ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊልም ዛሬ ውድ ነው፤ አጥቦ የሚመልስ ፎቶ ቤትም እንደ ድሮው በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ በፊልም ማንሣት የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ በእጁ ባለው ዲጂታል ካሜራ እንዲለማመድ እመክራለሁ። ይሁን እንጂ ልምምዱ የሚጠቅመው ዲጂታሉ በፊልም ካሜራ ልክ ሲገደብ ብቻ ነው፤ ካሜራው በስውር ማገዙን ከቀጠለ ተማሪው ወራት ደክሞ ያልተማረውን የተማረ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ አይኤስኦውን (ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ብርሃንን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቀበል የሚናገረውን ቁጥር) ኦቶ ላይ ትቶ «በማንዋል ነው የማነሣው» ማለት ነው። አንድ ተማሪ የአንድ ወር ሥራውን ይዞልኝ መጣ፤ የገበያ መንገድ፣ በመስኮት ብርሃን የሚቀዳ ቡና፣ በአምፖል የበራ ሱቅ፣ የሁሉም ብርሃን ልክ ነው። «ጋሼ፣ አንዱንም በኦቶ አላነሣሁም» አለኝ፤ ደስታው ከፊቱ ይነበባል። የፋይሎቹን መረጃ ስከፍት አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 8፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ወር ሙሉ ንቅንቅ አላሉም፤ አይኤስኦው ግን መንገዱ ላይ 100፣ ቡናው ላይ 3200፣ ሱቁ ውስጥ 12800 ይላል። መደወያው ኤም (ማንዋል) ላይ ቢሆንም ብርሃኑን የወሰነው ካሜራው እንጂ ልጁ አልነበረም። የፊልም ጥቅል 400 ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ 36ኛው ፍሬም 400 ነው፤ ከፀሐይ ወደ ሱቅ ሲገቡ የሚታዘዙት አፐርቸሩና ሻተሩ ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ካልበቁ ትራይፖድ ይተከላል ወይም ፎቶው ይቀራል። ያንን «ይቀራል» ያልቀመሰ ሰው የፊልምን ደጃፍ ገና አልረገጠም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ሜኑውን ክፈቱ፣ ኦቶ አይኤስኦን አጥፉ፣ 400 ላይ አድርጉ፣ 36 ፎቶ እስኪሞላ ድረስም አትንኩት።

የሚረርለስ (መስታወት አልባ፣ መመልከቻው ትንሽ ስክሪን የሆነ) ካሜራ ባለቤቶች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። መመልከቻው ፎቶው የሚኖረውን ብሩህነት አስቀድሞ ስለሚያሳይ፣ ቁልፉን እስኪስማማ ማዟዟር ብርሃን ማንበብ ሳይሆን ኩረጃ ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች ይህን ማጥፊያ በሜኑአቸው ውስጥ አላቸው። የኋላውን ስክሪን በካርቶን ሸፍነው በቀን ከ11 ጥቅል በላይ የሚሆን 400 ፎቶ የሚያነሡትን በተመለከተ ግን የምለው የለኝም።

በብሩህ ፀሐይ አፐርቸርን ኤፍ 16፣ ሻተርን ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ማስተካከል፣ ማለትም በ400 ፊልም ለቁጥሩ የሚቀርበውን 1/500 ማድረግ፣ የታወቀ ደንብ ነው። ስህተቱ ደንቡን እየደገሙ ቀና ብሎ ሰማይን ማየት ነው፤ መታየት ያለበት መሬት ላይ ያለው ጥላ ነው። የጥላው ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ኤፍ 16፣ ከለዘበ ኤፍ 11፣ በጭንቅ ከታየ ኤፍ 8፣ ጨርሶ ከጠፋ ኤፍ 5.6 ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ይህን ለመማር የተመቸ ነው፤ ደመናው ሲከፈትና ሲዘጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቱንም ያሳያችኋል።

ላይት ሜትርን (የብርሃን መለኪያውን) ያለ ጥርጣሬ ማመን ደግሞ የራሴ ስህተት ነበር። ሜትሩ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ይህን ሳልረዳ በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ ነጠላ የለበሱ ምእመናንን በሁለት ጥቅል፣ በ72 ፍሬም አነሣሁ። ሲታጠብ ነጠላው አመድ መስሎ፣ የሰዎቹ ፊት ዓይንና ጉንጭ በማይለይበት ጥቁረት ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ መዳፍን ሰዎቹ ባሉበት ብርሃን ዘርግቶ ሜትሩን ከእርሱ አንብቦ አንድ ስቶፕ መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ። ዲጂታሉ ይህን በነፃ ያስተምራል፦ አንድ ነጠላ ገመድ ላይ ስቀሉ፣ ሜትሩ ባለው አንሡ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ፣ ቀጥሎ ሁለት ስቶፕ ጨምራችሁ አንሡና ሦስቱን አስተያዩ።

ከዲጂታል ወደ ፊልም ይዘውት የሚመጡት መጥፎ ልማድም አለ። በዲጂታል ድምቀቱ አንዴ ከነጣ ስለማይመለስ፣ ተማሪው ሁልጊዜ ጨለም አድርጎ ማንሣትን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥረዋል። በኔጋቲቭ ፊልም (ብርሃኑና ጥላው ተገልብጠው በሚወጡበት) ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትርፍ ብርሃንን በሰፊው ይችላል፣ ብርሃን ያልደረሰው ጥላ ግን በጨለማ ክፍል ውስጥም ሆነ በኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ በልምምዱ ወቅት ድምቀቱን እየጠበቃችሁ፣ በጥላው ውስጥ ምን ሊታይ እንደሚገባ ሁልጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ። በስላይድ ፊልም (ፎቶው ሳይገለበጥ በሚወጣበት) ግን ጥንቃቄው እንደ ዲጂታሉ ነው።

የፊልም ፍሬን (በፎቶው ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ) የሚያስመስል ፕሪሴት፣ ማለትም ዝግጁ ማስተካከያ፣ መጫን ልምምድ አይደለም። የተበላሸውን ፎቶ እዚያው መሰረዝም እንዲሁ። ዋይት ባላንስን (የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ) ዴይላይት፣ ማለትም የቀን ብርሃን፣ ላይ አስሩት፤ አምፖል ሥር ሁሉም ብርቱካንማ ይሁን፣ የቀን ብርሃን ፊልምም እንዲሁ ነው። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ የኤፒኤስሲ ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 75 ያህል ስለሚያጠብ፣ የፊልሙን 50 የሚመስለው 35 ነው።

ማስታወሻ ደብተር «ካሜራው ራሱ ይመዘግብ የለም?» ተብሎ ይናቃል። ካሜራው የሚመዘግበው ያደረጋችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን አይደለም። ከማንሣታችሁ በፊት ግምታችሁንና ምክንያቱን ጻፉ፤ ማታ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። የፊልም ተማሪ ግምቱን ከውጤቱ ጋር ለማገናኘት ጥቅሉ እስኪያልቅና እስኪታጠብ ይጠብቅ ነበር።

ዲጂታሉ በምንም መንገድ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ የፊልሙ ጫፍ የካሜራውን ጥርስ መያዙን ማረጋገጥ። ማራመጃውን ስትስቡ በግራ በኩል ያለው የመጠቅለያ ቁልፍ አብሮ ካልዞረ ፊልሙ አልተያዘም ማለት ነው። እኔ በአክስቴ ልጅ ክርስትና ላይ ቆጣሪው 36 እስኪል ድረስ አንሥቻለሁ፤ ፊልሙ ግን ከቆርቆሮው አልወጣም ነበር። አክስቴ ዛሬም በመጣሁ ቁጥር «ፎቶው ታጠበ ወይ?» ትለኛለች።