ኦፕሬሽን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባዶ ሆድ መግባት። አዲስ ተማሪ ራሱን የሚስተው ደም ስላየ ብቻ አይደለም። ረሃቡ፣ ሙቀቱ፣ ማስኩና ጉልበት ገትሮ መቆም ይደመሩበታል፤ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀምና ለአንጎል የሚደርሰው ያንሳል። ቁርስ ብሉ፤ ጾም ከያዛችሁ ማታ በደንብ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ እደሩ። ስትቆሙ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉ። ላብ ካጠመቃችሁና ጆሯችሁ ጭው ካለ ወዲያው ተናግራችሁ ወደ ኋላ ራቁ፣ ወለሉ ላይም ቢሆን ተቀመጡ። በሽተኛው ላይ የሚወድቀው «ትንሽ ልቻለው» ያለው ነው።

ከታጠቡ በኋላ ማስክ ማስተካከል። ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ፣ ኮፍያ፣ ማስክና መነጽር ማድረግ ከእጥበት በፊት ያልቃል። የማስኩን ሽቦ አፍንጫችሁ ላይ ካልጫናችሁት መነጽሩ ይደበዝዛል፤ ያኔ ደግሞ መንካት አትችሉም።

እጅን ዝቅ ማድረግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ስትታጠቡ እጃችሁ ከክርናችሁ ከፍ ይበል፤ ውሃው በክርን በኩል ይንጠባጠብ። እጅ ዝቅ ካለ የክርኑ ቆሻሻ ወደ ታጠበው ጣት ይመለሳል። ጋውን ከለበሳችሁም በኋላ ንጹሕ የሚባለው ከደረት እስከ ጠረጴዛው ከፍታ ያለው ፊት ለፊቱና እጅጌው ነው። ጀርባው፣ ትከሻው፣ ብብቱ አይቆጠርም። ስለዚህ እጅ አጣምሮ ጣትን ብብት ውስጥ መሸጎጥ ጓንቱን ያበላሻል። ሥራ ሲጠፋ እጃችሁን ድሬፑ (በሽተኛው የሚሸፈንበት ንጹሕ ጨርቅ) ላይ አሳርፉ፣ ወይም ደረታችሁ ፊት አያይዙ። መሣሪያ ሲወድቅ ለመቅለብ አትሞክሩ።

የነኩትን መደበቅ። ጓንታችሁ ማስካችሁን ከነካ «ጓንቴ ተነክቷል» በሉ። መቀየር ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ግን በሽተኛው ሳምንታት ይተኛል። ስክራብ ነርሷ (ታጥባ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ) ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። የጓንት ቁጥራችሁን (6½ ይሁን 7½) አስቀድማችሁ ከነገራችኋት ቁጣው ይቀንሳል።

ከነርሷ ጠረጴዛ በራስ እጅ ማንሳት። ጠይቁ እንጂ አትዘርጉ። ጎዝም (ደም የሚጠረግበትን ጨርቅ) አትጣሉ፤ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ይቆጠራል፣ አንድ ከጎደለ ሁሉም ቆሞ ይፈልጋል።

በሽተኛው አይሰማም ብሎ ማውራት። በወገብ መርፌ የደነዘዘች ወላድ ነቅታ ነው የምትተኛው። «ውይ፣ ደሙ!» ያላችሁትን ከድሬፑ ማዶ ትሰማለች።