የትንሽ መንደርን ታሪክና የነዋሪ ብዛት እንዴት እንመዝግብ?

መጀመሪያ ወሰኑን ለዩ። መንደሯ በየትኛው ጅረት ወይም መንገድ እንደምታበቃ በንድፍ ካርታ ሳይሰመር ቆጠራ መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ የድሮና የአሁን ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የማይገጥሙት ወሰኑ ስለተቀየረ ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት ምረጡ። በዚያ ሌሊት በቤቱ ያደረውን ለብቻ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት የራቀውን ነዋሪ ለብቻ መዝግቡ። ሁለቱ ከተደባለቁ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጨቅላ ሕፃናትና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በቀላሉ ስለሚዘለሉ ለይታችሁ ጠይቁ።

ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ በ0 እና በ5 ወደሚያልቁ ቁጥሮች ያዘነብላል። ስለዚህ ልደቱን ዓመቱ ከታወቀ ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም የድልድይ ግንባታ ጋር አያይዙት፤ «ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ድንቅ ይሠራል። ለታሪኩም ሽማግሌዎችን ለየብቻ አነጋግሩ፤ አብረው ከተቀመጡ የአንዱ ትዝታ የሌላውን ይውጠዋል። የነገሯችሁን ከመቃብር ጽሑፍና ከግብር መዝገብ ጋር አመሳክሩ።

በመቶኛ ግን ተጠንቀቁ። 40 ሰው ካለባት መንደር ስድስት አባላት ያሉት አንድ ቤተሰብ ሲለቅ ሕዝቡ በ15 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ቁጥሩን ራሱን፣ ከነምክንያቱ ጻፉ።