ደም ማስታወክ ሁሉ የጨጓራ ቁስለት አይደለም፦ ስላበጡ የጨጓራ ደም ሥሮች

ቤት ውስጥ ሰው ደም ሲያስታውክ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጨጓራው ተነሳበት» የሚለው ነው። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ቀዝቃዛ ወተት ይጠጣል፣ ቀኑም ይሄዳል። በእርግጥ ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ግን ጉበቱ የታመመ፣ ጣፊያው ያበጠ ወይም ሆዱ ውሃ የቋጠረ ከሆነ፣ ደሙ ካበጠ ደም ሥር የመጣ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኦሜፕራዞል ደሙን አያቆመውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለስ ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ወደ ጉበት የሚያስገባው ትልቅ ሥር ፖርታል ቬን ይባላል። ጉበት ጠባሳ ሲይዝ ደሙ ማለፊያ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከዚያ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ ታችኛ ጫፍ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች በኩል መዞር ይጀምራል። እነዚህ ሥሮች ያን ያህል ደም አይችሉም። ያብጣሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ።

ምልክት፦ ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ማዞር፣ ላብ

ቤት ቆይቶ የሚታይ ነገር የለም። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነግሩት የጉበት በሽታ መኖሩን ይሁን። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች። በደም ሥር የሚሰጥ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኦክትሪዮታይድ፣ እና እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ አንቲባዮቲክ ኢንዶስኮፒው (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት) ሳይደርስም ይጀመራል። አንቲባዮቲኩ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደም ሲፈሰው ኢንፌክሽን ቶሎ ያጠቃዋል።

ቤተሰብን የሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ አለ። «ለምን ብዙ ደም አይሰጡትም?» ይባላል። ሐኪሞቹ ሄሞግሎቢኑን (የደም ማነስን የሚያሳየውን ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ግራም በዴሲሊትር ላይ ይዘው የሚያቆሙት በንፉግነት አይደለም። ከልክ በላይ ደም ሲገባ የፖርታል ግፊቱ ይጨምራል፣ የተዘጋውም ሥር መልሶ ሊፈስ ይችላል።

ሕመምተኛው ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ኢንዶስኮፒው በ12 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል።

ኢንዶስኮፒው ሥሩን አገኘው፤ አሁንስ?

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕክምናውን የሚወስነው ሥሩ ያለበት ቦታ ነው።

ምግብ ቧንቧ ውስጥ ከሆነ በትንሽ የላስቲክ ቀለበት ይታሰራል። መሣሪያው ሥሩን ወደ ራሱ ይስብና ቀለበቱን ያጠልቅበታል። ከምግብ ቧንቧ ተነስቶ በጨጓራው አጭሩ ጠርዝ በኩል ትንሽ ወረድ ያለ ሥርም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይታከማል።

የጨጓራው የላይኛ ክፍል፣ ሐኪሞች ፈንደስ የሚሉት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ሥሮች ትልልቅና ጥልቅ ናቸው። ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ አይዛቸውም፤ ወልቆ ቢወድቅ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይደማል። የሚመረጠው ሳያኖአክሪሌት የተባለ የሕክምና ማጣበቂያ ሥሩ ውስጥ በመርፌ ማስገባት ነው። ደም ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክርና ሥሩን ይደፍናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃምቡርግ ላይ የሐኪሙ የሶኸንድራ ቡድን ውጤቱን ካሳተመ ወዲህ ዓለም የሚጠቀምበት ዘዴ ነው። የፈንደስ ሥሮች ከምግብ ቧንቧዎቹ ባነሰ ጊዜ ነው የሚደሙት፤ ሲደሙ ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ ውጤቱን ሲቀበሉ «ሥሩ የት ነው ያለው? ምን ተደረገለት?» ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱንም አይጣሉት። ሌላ ሆስፒታል በሌሊት ቢደርሱ ያ ወረቀት ብዙ ያሳጥራል።

ምልክት፦ ከታሰረ በኋላ መልሶ መድማት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረት ላይ ሕመም ወይም ሲውጡ መቸገር የተለመደ ነው። ለስላሳ ምግብ ይበሉ። ቀለበቱ ከነሥጋው ሲረግፍ ቦታው ቁስል ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዚያ ቁስል ሊደማ ይችላል። ደም ካዩ እንደገና ድንገተኛ ክፍል ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን አይንኩ። ደግሞ አንድ ጊዜ ታስሮ አያበቃም፤ ሥሮቹ እስኪጠፉ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። «ደሙ ቆመ» ብለው ቀጠሮ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው በጣም የሚያሳስቡኝ።

ምልክት፦ ከማጣበቂያው በኋላ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር

ቀላል ትኩሳት ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። ከቀጠለ ወይም ብርድ ብርድ ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ድንገተኛ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ግን ማጣበቂያው ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ተጉዞ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ አይሰጠውም።

ምልክት፦ የቀንና የሌሊት እንቅልፍ መገለባበጥ፣ ግራ መጋባት

አንጀት ውስጥ የቀረው ደም ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል፣ የደከመ ጉበት ደግሞ አያጸዳውም። ላክቱሎስ ሰገራውን እያስወጣ ይረዳል። «ደክሞት ነው» ብለው አይተዉት።

ጉበቱ ደህና ነው፤ ሥሩ ግን ፈንደስ ላይ ብቻ አብጧል

ይህ ከተባለ የጣፊያው ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ እንደሆነ በሲቲ ስካን ይታይ። ብዙ ጊዜ ከቆሽት ሕመም በኋላ ይመጣል። ጣፊያውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ችግሩን ከምንጩ ሊፈታው ይችላል።

ሥሩ ተዘጋ፤ ግፊቱስ?

ኢንዶስኮፒ ሥሩን እንጂ ግፊቱን አይነካም። ለዚያ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ይታዘዛል። አስም ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ፈቃድም በድንገት አያቋርጡ። ይህም ሁሉ ተደርጎ ደሙ ከተመላለሰ በጉበት ውስጥ ለደሙ ማለፊያ የሚከፍት ቱቦ ማስገባት አለ፤ በየሆስፒታሉ ግን አይገኝም።

ምክንያቱም ይታከም። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ሐኪሙ እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል፣ ቤተሰቡም ይመርመር፣ ነጻ የሆነው ይከተብ። አልኮል ከሆነ ፈጽሞ ይቁም። እንደ ጣና ዙሪያ ባሉ አካባቢዎች ያደገና ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ ጋር የኖረ ወጣት ከሆነ ደግሞ ቢልሃርዝያ (ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ) ይታሰብ። በቢልሃርዝያ የጉበቱ ሥራ ብዙም ሳይጎዳ ግፊቱ ይጨምራል። ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ሆዱ ሳያብጥ፣ ጤነኛ መስሎ እርሻ ላይ ሲውል የቆየ ሰው ድንገት ደም የሚያስታውከው ለዚህ ነው። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል። ያበጡትን ሥሮች ግን አያጠፋም፤ የኢንዶስኮፒው ክትትል ይቀጥላል።